ሰሙን ከወርቁ መለየት፤ በመጽሐፍም በሲኒማም

በየቤታችን አንድ መጽሐፍ ተነብቦ ሲያልቅ፣ ወይም አንድ የሲኒማ ፊልም ታይቶ መብራቱ ሲበራ፣ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸውም መጨረሻው እንዴት ሆነ፣ ማን ሞተ፣ ማን ማንን አገባ የሚል ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ታሪክ የሚነገረው መጨረሻው እንዲሰማ ነውና። ነገር ግን ደራሲው በየትኛው መንገድ መርቶ ከዚያ መጨረሻ እንዳደረሰን፣ ያስለቀሰንና ያሳቀንም በምን ብልሃት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው በቤታችን እምብዛም አይገኝም። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የምንናገረው ስለዚሁ ብልሃት ነው። ሊቃውንቱ የሥነ ጽሑፍ ዘይቤ ይሉታል።

ነገሩ ለመምህራንና ለደራስያን ብቻ የሚተው መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ልጆቻችን ዛሬ በአዳራሽም፣ በቴሌቪዥንም፣ በእጃቸው በያዙት ስልክም የሚያዩት ታሪክ፣ አያቶቻቸው ከእሳት ዳር ተቀምጠው ከሰሙት ተረት ሳይበልጥ አይቀርም። ፊልሙም፣ ልብ ወለዱም፣ በአደባባይ የሚሰማው ንግግርም የሰውን ልብ የሚያዘነብሉት በእነዚሁ ብልሃቶች ነው። ብልሃቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ወድዶና ፈቅዶ ይማረካል፤ የማያውቀው ግን እንደ ተነዳ እንኳ ሳያውቅ ይነዳል። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሥራዎች የምንጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

ይህን ትምህርት ለመጀመር ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ቤት ተማሪ ገና ጉባኤ ቃናን፣ ያቺን የሁለት ቤት ቅኔ፣ መቍጠር ሲጀምር የሚለማመደው ይኸንኑ ነው፤ በላይ የሚሰማው አንድ ነገር፣ በውስጥ የታሰበው ሌላ ነገር እንዲሆን ያደርጋል፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ መምህሩ ያርመዋል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ከዚህ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ፤ ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ የተጣመመ ቢሆን ወርቁም ተጣምሞ ይወጣል። ስለዚህ ታሪኩን ንቆ ምሥጢሩን ብቻ ልያዝ የሚል አንባቢ፣ በታሪኩ ብቻ ረክቶ ከሚቀረው አንባቢ እምብዛም አይሻልም።

የዘይቤዎቹ ስሞች ብዙዎች ናቸው። አንዱን ነገር እንደ ሌላው ነው ብሎ ቢመስለው አነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል፤ እንደ የሚለውን ትቶ ጀግናውን አንበሳ ነው ቢለው ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ነፍስ የሌለውን ነገር እንደ ሰው ቢያናግረው ሰውኛ፣ ነገሩን ከልክ ቢያሳልፈው ግነት፣ በልቡ ተቃራኒውን እያሰበ ቢናገር ምጸት ነው። የሚመጣውን አስቀድሞ በጥቂቱ ቢያሳይ ንግር፣ ያለፈውን መልሶ ቢያመጣ ምልሰት፣ አንድ የሚታይ ነገር የማይታይ አሳብ ተሸክሞ ቢመላለስ ትእምርት ይሉታል። ይህን ዝርዝር ጐበዝ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠናዋል፤ አጥንቶም ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ስሙን ጠርቶ ዝም ማለት፣ ከገበታ ቀርቦ በወጡ ውስጥ የገባውን ቅመም ሁሉ በስም ከቈጠሩ በኋላ ሳይቀምሱ እንደ መነሣት ነው።

ባልትና የምታውቅ እመቤት የምትጠይቀው ኮረሪማው ገብቷልን ብላ አይደለም፤ ባይገባ ኖሮ ወጡ ምን ይጐድለው ነበር ብላ ነው እንጂ። እኛም ለመጽሐፍና ለሲኒማ የምናቀርበው መፈተኛ ይኸው ነው። ብልሃት መስሎ የታያችሁን ነገር በአሳባችሁ ከሥራው ውስጥ አውጡት፤ ከዚያም የጐደለውን ተመልከቱ። ምንም ካልጐደለ ጌጥ ነበር፤ ቤቱ ካዘነበለ ግን ምሰሶ ነበር።

እስቲ ይህን መፈተኛ በአንድ የታወቀ ሥራ ላይ እንሞክረው። ሼክስፒር በ1599 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የዩልዮስ ቄሳር ቴአትር ውስጥ፣ ቄሳር ከተገደለ በኋላ ሁለት ሰዎች በሮም ሕዝብ ፊት ቆመው ይናገራሉ። አስቀድሞ የተናገረው ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስ ነው፤ ቄሳርን የገደለው አገሩን አብልጦ ስለ ወደደ መሆኑን በቀጥታ ያስረዳል፤ ሕዝቡም ደስ ብሎት ያመሰግነዋል። ከእርሱ በኋላ አንቶንዮስ፣ ገዳዮቹን እንዳይነቅፍ ቃል አስገብተውት፣ ሬሳውን ይዞ ይወጣል። በአፉም ቃሉን ያፈረሰ አይመስልም፤ እንዲያውም ብሩቱስ የተከበረ ሰው መሆኑን ይመሰክራል። በመጀመሪያ ሲናገረው የሚሰማው ምስጋና ነው። ከዚያ በኋላ ቄሳር ለሕዝቡ ያደረገውን አንድ መልካም ሥራ ያነሣና ያንኑ ምስክርነት ይደግመዋል፤ ሌላ መልካም ሥራ ይጨምርና አሁንም ይደግመዋል። ቃሉ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ በአጠገቡ የሚቀመጠው ነገር ግን እየተለወጠ ሄደ፤ ስለዚህ ምስጋናው ቀስ በቀስ ክስ ይሆናል። ሕዝቡም ነገሩን ራሱ መርምሮ የደረሰበት ይመስለዋል። ከዚህ በላይ አንቶንዮስ የቄሳርን ካባ አንሥቶ የጩቤውን ቀዳዳ በጣቱ ያሳያል። ብሩቱስ በምክንያት ተናገረ፤ አንቶንዮስ በልብስ ተናገረ፤ ልብሱ አሸነፈ።

አሁን ድግግሞሹን አውጡት። አንቶንዮስ ቃል ኪዳኑን በግልጽ ካላፈረሰ በቀር የሚናገረው አይኖረውም፤ ቢያፈርሰው ደግሞ ገና ብሩቱስን ሲያመሰግን የነበረው ሕዝብ በድንጋይ ይወግረው ነበር። የታሪኩ መዞሪያ ያች አንዲት የምስጋና ቃል ናት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሼክስፒር አይሸሽግም፤ የተቈጣው ሕዝብ በመንገድ ላይ ሲና የሚባል ባለቅኔ ያገኛል፤ ሰውየው ከገዳዮቹ ከአንዱ ጋር ስሙ ብቻ አንድ ነው፤ እኔ ባለቅኔው ነኝ ብሎ ቢያስረዳም አልሰሙትም፤ ገደሉት። በሸንጎ ተቀምጦ ንግግር መስማት ሥራው የሆነ ሹም ሁሉ እነዚህን ሁለት ትዕይንቶች በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያነባቸው ጊዜው የጠፋ አይሆንም እንላለን።

ሌላው የቆየ ብልሃት፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር በመድረኩ ላይ ያለው ሰው እንዳያውቀው ማድረግ ነው። ግሪካዊው ሶፎክሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት በጻፈው በንጉሥ ኤዲፐስ ቴአትር፣ አገሩ በመቅሠፍት ተይዞ ሳለ ንጉሡ የቀድሞውን ንጉሥ የገደለውን ሰው ይረግማል። ገዳዩ ራሱ ነው፤ የተገደለውም አባቱ ነው። የአቴና ሰዎች ታሪኩን ከልጅነታቸው ጀምረው ስለሚያውቁት፣ ንጉሡ በሚረግምበት ጊዜ ርግማኑ በማን ራስ ላይ እንደሚወርድ እያዩ ይሰሙ ነበር። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቴሬስያስ ያያል፤ ዓይናማው ንጉሥ አያይም፤ እውነቱን ባየ ጊዜ የገዛ ዓይኑን ያጠፋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ማየትና አለማየት ጌጥ ናቸው የሚል ካለ አውጥቶ ይሞክር፤ የሚቀረው የወንጀል ምርመራ መዝገብ ብቻ ነው።

ይኸው ብልሃት በጨዋታ መልክም ይመጣል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጽፈውት በ1908 ዓ.ም. በሮም ከተማ በታተመው ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ፣ መንታ ወንድም ያላት ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። አንባቢው ሴት መሆንዋን ያውቃል፤ የሚያገኝዋት ሰዎች ግን አያውቁም፤ ስለዚህ የሚናገሩዋት ቃል ሁሉ ለእኛ ሁለት ድምፅ ይኖረዋል። ሼክስፒርም ከእርሳቸው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ አሥራ ሁለተኛው ሌሊት በሚባለው ቴአትሩ፣ መንታ ወንድምዋ የጠፋባትን ቫዮላን እንዲሁ ወንድ አስመስሎ ያስኬዳታል። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት አይደለም፤ መንታና የተለወጠ ልብስ በብዙ አገር ተረት የሚገኝ ነገር ነው። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ ሁለቱን በአንድ ክረምት ጎን ለጎን ቢያነብ፣ ስለዚህ ብልሃት ከብዙ የትምህርት ሰዓት የበለጠ ይማርበታል።

ወደ ሲኒማ እንለፍ። ሲኒማ ከመጽሐፍ የወረሰው ብዙ ነው፤ የራሱ የሆነው ግን ሥዕልን በሥዕል ላይ ማስከተሉ ነው። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ አንድን የተዋናይ ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር እያቀጣጠለ አሳየ፤ ተመልካቾችም ሰውየው በመጀመሪያው እንደ ራበው፣ በሁለተኛው እንዳዘነ አድርገው ተናገሩ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንዱ ፊት ነበር። አንቶንዮስ በቃል ያደረገውን ኩሌሾቭ በሥዕል አደረገው ማለት ነው። ቻርሊ ቻፕሊንም በ1936 ዓ.ም. ሞደርን ታይምስ የተባለውን ፊልም ሲጀምር፣ እየተጋፉ የሚሮጡ በጎች ያሳየንና ወዲያው ወደ ሥራ የሚጣደፉ ሠራተኞችን ያስከትላል። ሰዎች እንደ በጎች ተነዱ የሚል ቃል በፊልሙ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያንን የሚለው የእኛ ልብ ነው። ደኅና አድርጎ የተመለከተ ሰው ደግሞ ከነጮቹ በጎች መካከል አንድ ጥቁር በግ ያያል፤ ከእነዚያ ሁሉ ሠራተኞች ከመንጋው የሚለየው ማን እንደ ሆነ ቈይቶ ይገባዋል።

በዚህ በኩል ከታዋቂ ፊልሞች ሁሉ እኛን የሚያስደንቀን ግን ማሪዮ ፑዞ በ1969 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1972 ያዘጋጀው ዘ ጎድፋዘር ነው። አስቀድመን ስሙን እንመልከት። የእንግሊዝኛው ስም የክርስትና አባት ማለት ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን የወንበዴዎቹ አለቃም በዚያው ስም ይጠራል። አንድ ቃል ሁለት ትርጕም በሆዱ ይዟል፤ የቅኔ መምህር ቢሰማው ኅብር ነው ይለዋል። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ያህል ይህን ኅብር ተሸክሞ ይሄድና መጨረሻው ሲቃረብ ሰሙንና ወርቁን በአንድ ስፍራ ያገናኛቸዋል።

ስፍራው ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቱን የተካው ማይክል የእኅቱን ልጅ ክርስትና ያነሣል። ቄሱ በሥርዓቱ መሠረት ሰይጣንን ትክዳለህን ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም እክዳለሁ ብሎ ይመልሳል። ይህ ሥርዓት ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ክርስትና ያነሣ ሰው ሁሉ ስለ ሕፃኑ ሆኖ ሰይጣንን ክዷልና የቃሉን ክብደት ያውቀዋል። ነገር ግን በጥያቄውና በመልሱ መካከል ፊልሙ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ፣ ማይክል የላካቸው ሰዎች ጠላቶቹን በየስፍራው ሲገድሉ ያሳየናል። የኦርጋኑ ድምፅ ግን አይቋረጥም፤ በሕፃኑም ላይ በሬሳዎቹም ላይ ያው ዜማ ይፈስሳል። በአፉ ሰይጣንን በሚክድበት ሰዓት በእጁ የሰይጣንን ሥራ ይሠራል።

መፈተኛችንን እናቅርብ። ቤተ ክርስቲያኑን አውጡና ግድያዎቹን ብቻ ተዉ፤ በብዙ ፊልም የሚታይ የተለመደ ተኩስ ይሆናል። ግድያዎቹን አውጡና ቤተ ክርስቲያኑን ተዉ፤ ያማረ የክርስትና በዓል ይሆናል። ወርቁ በአንደኛውም በሁለተኛውም ውስጥ የለም፤ በመካከላቸው ነው። ነገሩም በዚህ አያበቃም። ማይክል በዚያው ቀን የእኅቱን ባል፣ የሕፃኑን አባት፣ አስገደለው። የአበ ልጅነትን ዝምድና ለሚያከብር ለእኛ አገር ሰው ይህ ከግድያዎቹ ሁሉ የከፋ ሆኖ ይሰማዋል፤ ሰውየው የክርስትና ልጁን በአንድ ቀን ተቀበለው፣ በዚያው ቀንም አባት አሳጣው፤ እነሆ የክርስትና አባት የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ትርጕሞቹ በእርሱ ላይ ጸና። ይህን ሳያስተውል ፊልሙን አይቶ፣ ማይክል ጀግና ሆኖ ጠላቶቹን አጠፋ ብሎ የሚነሣ ወጣት ጥቂት አይደለም። እኛ ስለ ዘይቤ መለየት አጥብቀን የምንናገረው ስለዚህ ነው፤ ምጸቱ ያልታየው ተመልካች ያየው ሌላ ፊልም ነውና።

ስለ ዜማ ካነሣን አንድ እንጨምር። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ዓ.ም. ባዘጋጀው ጆዝ በሚባለው ፊልም፣ ሰው የሚበላው ታላቅ ዓሣ ሲመጣ ጆን ዊልያምስ የደረሱት የሁለት ድምፅ ዜማ ይሰማል። አስቀድሞ ዜማው ይመጣል፤ ዓሣው ይከተላል፤ ይህ በድምፅ የተሠራ ንግር ነው። በመካከሉ ሁለት ልጆች ሐሰተኛ የዓሣ ክንፍ ሠርተው ሕዝቡን ያስደነግጣሉ፤ ሁሉ ሰው ከባሕር እየጮኸ ይሸሻል። ዜማው ግን አልተሰማም። አዘጋጁ ለአስተዋይ ተመልካች እውነቱን በዝምታ ነግሮት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ጆሮአችሁን ለዚህ አዘንብሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልንሰጥ ይገባናል። ዘይቤ መፈለግ የጀመረ ሰው፣ አዲስ ጠብመንጃ እንደ ገዛ አዳኝ፣ የተንቀሳቀሰውን ቅጠል ሁሉ መተኰስ ያምረዋል። በዘ ጎድፋዘር ውስጥ ብርቱካን በታየ ቍጥር ሞት ይከተላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እውነትም ሽማግሌው አለቃ የተተኰሰባቸው ብርቱካን ሲገዙ ነው። ነገር ግን የፊልሙን ትዕይንት ያሰናዳው ዲን ታቩላሪስ ብርቱካኑ የተመረጠው የጨለመውን ክፍል በቀለሙ እንዲያደምቅ እንደ ሆነ መናገሩ ተጽፏል። የሠሪው አሳብ የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም መፈተኛችን ግን ይፈርዳል። በገበያው ትዕይንት ብርቱካኑን አውጥታችሁ በቲማቲም ብትለውጡት ምንም አይጐድልም። ሽማግሌው በአትክልት ስፍራ በሚሞቱበት ትዕይንት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ በጥርሳቸው ላይ አድርገው አውሬ መስለው የልጅ ልጃቸውን ያስፈራሩታል፤ ሕፃኑም መጀመሪያ ይደነግጣል፤ በኋላ አብረው ይሳሳቃሉ፤ በዚያው ጨዋታ ላይ ወድቀው ይሞታሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሌላው ሰው አውሬ የነበሩ ሰው፣ በጨዋታ አውሬ መስለው ሞቱ። ይህን ብታወጡት የሚቀረው በዕድሜ የሚሞት ሽማግሌ ብቻ ነው። ስለዚህ ያች አንዲት ብርቱካን ምሰሶ ናት፤ የቀሩት ብርቱካን ናቸው።

ከአገራችን ሥራዎች ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር በየቤቱ የታወቀ ነው፤ ያላነበበውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። መጽሐፉ ገና በሽፋኑ ላይ መቃብሩን ይነግረናል፤ ንግር ከዚህ በላይ ግልጥ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን መጨረሻውን እያወቅን ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ያመልጡ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘር ቍጥር እጅግ በመጠንቀቃቸው ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከአገሩ ይጠፋል፤ ክብርዋን የጠበቁ መስሏቸው ዕድሜዋን አባከኑት። ይህን ሲያነብ የራሱን ዘመድ ያላስታወሰ የመኳንንት ቤት ካለ ይንገረን። በዚያ ሁሉ መካከል እውነተኛውን ነገር የሚናገረው፣ አገሩ እንደ እብድ የቈጠረው ጉዱ ካሣ ነው። ከላይ ያነሣነው ዓይነ ስውር ነቢይ በጎጃም ምድር ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ብንል አንባቢ ይፈቅድልናል ብለን እናስባለን። ጉዱ ካሣን አውጥታችሁ ጤናማና የተከበረ ሊቅ ተኩበት፤ ነቀፋው ያው ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት የሚናገረውን ሰው እብድ የሚል አገር ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነ የሚለው ጥያቄ ይጠፋል።

ምልሰትን በሚመለከት ኃይሌ ገሪማ በ2008 ዓ.ም. ያወጣውን ጤዛ መጥቀስ ይበቃል፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል በድርሰቱ ሽልማት፣ ከዚያም ሌላ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ተቀብሏል። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር በጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ሲመለስ ያለፈው ዘመኑ ተቈራርጦ ይመጣበታል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው ዓመት በተራ ብትደረድሩት የአንድ ትውልድ ዜና መዋዕል ይሆናል፤ የተሰበረው አእምሮ ግን አይታይም። ስለ ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ፀሐይ ስትወጣ ጤዛ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል።

አሁን ይህ በቤት ውስጥ እንዴት ይደረግ የሚል አባት ወይም እናት ቢኖር፣ አስቀድመን የምንለው ፊልሙን በመካከሉ አታቋርጡት ነው። ልጁ ዓይኑን ተክሎ ሲያይ፣ ይህ ምን ዘይቤ ነው ብሎ መጠየቅ ምሳ የሚበላን ሰው ጕርሻውን ከአፉ እንደ መቀማት ነው። ሲያልቅ፣ ወይም በማግሥቱ በገበታ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ ይህ ነገር ባይኖር ምን ይጐድል ነበር? ለታናናሾቹ በ1939 ዓ.ም. የወጣው የኦዝ ጠንቋይ መልካም መጀመሪያ ነው። የልጅቱ አገር ያለ ኅብረ ቀለም በቡኒ መልክ ብቻ ይታያል፤ የሕልምዋ አገር በቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ይህን የሰባት ዓመት ሕፃን ሳይነገረው ያየዋል። ቈየት ብሎ ደግሞ፣ አእምሮ የለኝም እያለ የሚያዝነው የገለባ ሰው ዘዴ የሚያወጣው እርሱ መሆኑን ይደርስበታል። ይህን ራሱ ደርሶበት ሲነግራችሁ ምጸት የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ስጡት፤ ነገሩን ከያዘ በኋላ ስሙ አይጠፋውም።

ለታላላቆቹና ለባልና ሚስት ግን ኦርሰን ዌልስ በ1941 ዓ.ም. ያዘጋጀውን ሲቲዝን ኬን እናቀርባለን። ስለ ፊልሙ ብዙዎች የሚናገሩት በመጀመሪያው በባለጸጋው አፍ ስለ ተሰማችው ቃልና በመጨረሻ እሳት ውስጥ ስለምትገባው የልጅነት መንሸራተቻ ነው፤ ያም የሚደነቅ ትእምርት ነው። ለዚህ ገጽ ግን የሚስማማው የቍርሱ ገበታ ነው። ጋዜጣ አሳታሚው ኬን ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር የኖረው ዘመን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ ገበታ ላይ ብቻ ይነገራል። በመጀመሪያው ጧት ተጠጋግተው ተቀምጠው ይፈላለጋሉ፤ በሚቀጥለው ትንሽ ቅሬታ ይሰማል፤ ከዚያም ነቀፋ፤ ከዚያም አጭር ቍርጥ መልስ። በመጨረሻው ጧት በረዥሙ ገበታ ወዲያና ወዲህ ተራርቀው፣ ሁለቱም ጋዜጣ ገልጠው ዝም ብለው ያነብባሉ፤ እርስዋ የያዘችው የባልዋን ጋዜጣ አይደለም፤ የተቀናቃኙን ጋዜጣ ነው። ተፋቀሩ፣ ተሰለቻቹ፣ ተጠላሉ የሚል ተራኪ አልተሰማም። ጋዜጣውን ብቻ አውጥታችሁ በእጅዋ የሻይ ጽዋ ብታደርጉላት ምን እንደሚጐድል ለመጠየቅ፣ ይህን ትዕይንት አንድ ጊዜ ከነድምፁ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ድምፁ ሲዘጋ በመካከላቸው ያለውን የገበታ ርዝመት በዓይናችሁ እየለካችሁ ታገኛላችሁ።